የኦክ ሪጅ ቦይስ «ፋንሲ ፍሪ» አልበም፦ አራቱን ድምፆች ለይቶ ማዳመጥ እንዴት ይቻላል?

ጥያቄ፦ ከ«ዜማ አድማጭ»

የተከበራችሁ የሙዚቃ ወዳጆች፣ ኦክ ሪጅ ቦይስ የተባለው የአሜሪካ የካንትሪ ድምፃዊ ቡድን በ1981 ስላወጣው «ፋንሲ ፍሪ» የተሰኘ አልበም ያላችሁን ዕውቀትና አስተያየት እንድታካፍሉኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የካንትሪ ሙዚቃን የወደድኩት በብቸኛ ድምፃውያን በኩል ነው። አንድ ሰው ታሪኩን ይተርካል፣ ጊታሩና ቫዮሊኑ ከኋላው ሆነው ይደግፉታል፣ አድማጩም ያንን አንድ ሰው በቅርብ እንደሚያውቀው ሁሉ በደስታውም በሐዘኑም ይከተለዋል። ይህን አልበም ሳዳምጥ ግን የምከተለው ሰው አጣሁ። በአንዱ ዘፈን ቀጭንና ፈጣን የሆነ ድምፅ ይመራል፤ በሌላው ደግሞ ለስላሳና የረጋ ድምፅ ቦታውን ይወስዳል፤ አዝማቹ ላይ ሲደርሱ ሁሉም ይገቡና ማን የቱ እንደሆነ መለየት ያቅተኛል። ከሁሉም የገረመኝ ደግሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መኖሩን የማውቀው፣ ነገር ግን አንድም ጊዜ ለይቼ ያልሰማሁት የባሪቶኑ፣ ማለትም በቀጭኑና በወፍራሙ መካከል ያለው የወንድ ድምፅ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ከአልበሙ ሚዛን ጋር የተያያዘ ነው። «ኤልቫይራ» የተባለው ዘፈን እጅግ ገናና ከመሆኑ የተነሣ የቀሩትን ዘፈኖች የጋረዳቸው ይመስለኛል። ታዲያ ይህን ሥራ እንደ አንድ ሙሉ አልበም ልናዳምጠው ይገባል? ወይስ ሌሎቹ ዘፈኖች አንድ ታላቅ ዘፈንን ለማጀብ የተሰበሰቡ ናቸው?

---

መልስ፦ ከ«የኳርቴት ወዳጅ»

ጥያቄዎ ከአልበሙ በፊት የነበረውን ታሪክ እንዳነሣ ግድ ይለኛል፤ ምክንያቱም ይህ ቡድን ሲጀመር ካንትሪ ለመዝፈን የተቋቋመ አልነበረም። መነሻው ዋሊ ፋውለር የተባለው ሙዚቀኛ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት ይመራው የነበረ ቡድን ነው። ፋውለርና ጓደኞቹ በቴነሲ ግዛት፣ የአቶሚክ ቦምቡ ፕሮጀክት ሠራተኞች በጥብቅ ምስጢር ይኖሩባት ወደነበረችው ወደ ኦክ ሪጅ ከተማ እየተመላለሱ መንፈሳዊ መዝሙር ያቀርቡ ስለነበር፣ ኦክ ሪጅ ኳርቴት (ኳርቴት የአራት ድምፃውያን ቡድን ነው) የሚለው መጠሪያ ከዚያው ወጣ። ይኸው ፋውለር በ1948 በናሽቪል በሚገኘው የራይማን አዳራሽ ሌሊቱን ሙሉ የሚዘልቁ የመዝሙር ዝግጅቶችን የጀመረ ሰው ነው። ስለዚህ ቡድኑ የተወለደው በደቡባዊው የአሜሪካ ክፍል በነጮች አብያተ ክርስቲያናት ዘንድ ሥር በሰደደው የኳርቴት ባህል ውስጥ ነው ማለት ይቻላል።

የዚህ ባህል አሠራር ለጥያቄዎ ዋናው ቁልፍ ይመስለኛል። ከ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ በቴነሲ የጄምስ ቮን፣ ቀጥሎም በቴክሳስ የስታምፕስ ባክስተር አሳታሚ ድርጅቶች የመዝሙር መጻሕፍታቸውን ለማስተዋወቅ ኳርቴቶችን ወደየአብያተ ክርስቲያናቱ ይልኩ ነበር። መጽሐፉ ለአራት ድምፅ የተጻፈ በመሆኑ የጉባኤው አባል የሆነ ሁሉ የራሱን መስመር ከአራቱ ዘማሪዎች በአንዱ አፍ ይሰማው ነበር፤ ወደ ቤቱ ሲመለስም ያንኑ መስመር ከጎረቤቶቹ ጋር ይዘምራል። በእንዲህ ዓይነት ትምህርት ውስጥ ያደገ ዘማሪ «ዘፈኑ የእኔ ነው» ብሎ አያስብም። ዜማው ለጊዜው በእጁ ሲሆን ይመራል፤ ዜማው ወደ ሌላው ሲያልፍ ደግሞ ያለ ምንም መከፋት ወደ ደጋፊነት ይመለሳል። እርስዎ «የምከተለው ሰው አጣሁ» ያሉት ስሜት የመጣው፣ በእኔ ግምት፣ አልበሙን የሠሩት ሰዎች አንድን ሰው እንድንከተል ስላልፈለጉ ነው።

በ«ፋንሲ ፍሪ» የምንሰማቸው አራቱ ሰዎች ከመሥራቾቹ መካከል አይደሉም። ከአላባማ የመጣው ባሪቶን ዊልያም ሊ ጎልደን በ1965፣ ከቴክሳስ የመጣው መሪ ድምፅ ዱዌን አለን በ1966፣ ከኒው ጀርሲ የመጣው ቤዝ (ከሁሉ ወፍራሙ ድምፅ) ሪቻርድ ስተርባን በ1972፣ ከፊላዴልፊያ የመጣው ቴነር (ከሁሉ ቀጭኑ ድምፅ) ጆ ቦንሶል ደግሞ በ1973 ተቀላቀሉ። ሁለቱ የደቡብ፣ ሁለቱ የሰሜን ሰዎች መሆናቸውን ልብ ይበሉ። ስተርባንና ቦንሶል ከዚያ በፊት በአንድ ሌላ የመዝሙር ኳርቴት አብረው ዘምረዋል፤ ስተርባን ደግሞ ወደዚህ ቡድን የመጣው ከኤልቪስ ፕሪስሊ ኋላ ቆሞ ይዘምር ከነበረው የጄ ዲ ሰምነር ቡድን ወጥቶ ነው። እንግዲህ አልበሙ ሲቀረጽ እነዚህ አራት ሰዎች አንዱ የሌላውን አተነፋፈስ ጠንቅቆ የሚያውቅበት ደረጃ ላይ ደርሰው ነበር።

አሁን ወደ «ኤልቫይራ» ልምጣ። የዘፈኑን አንጓዎች የሚመራው ቦንሶል ነው። ድምፁ ከፍ ያለ፣ ቀልጣፋና ቃላቱን ከምቱ ጥቂት ቀደም አድርጎ የሚወረውር ነው። አዝማቹ ላይ አራቱም ይገባሉ፤ ከዚያም ሁሉም ዝም ሲሉ የስተርባን ቤዝ ብቻውን ወርዶ «ኡም ፓፓ ኡም ፓፓ ማው ማው» የሚሉትን፣ ትርጉም የሌላቸውን ዝነኛ ክፍለ ቃላት ይደረድራል። ብዙ ሰዎች ይህን የቤዝ ክፍል እንደ ማጣፈጫ ያዩታል። እኔ ግን የዘፈኑ ምሰሶ እርሱ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም በመዝሙር ኳርቴት ውስጥ ቤዙ የአዝማቹን ባዶ ቦታ በራሱ ሩጫ እየሞላ ጉባኤውን ማነሣሣቱ የቆየ ልማድ ነው። እዚህ የተለወጠው ክፍለ ቃላቱ ከመዝሙር መጽሐፍ ይልቅ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በጥቁር አሜሪካውያን የጎዳና ኅብረ ድምፅ ቡድኖች ዘንድ ወደተለመደው ዘይቤ የቀረቡ መሆናቸው ነው። የነጮቹ የቤተ ክርስቲያን ኳርቴትና የጥቁሮቹ የከተማ ኳርቴት በአንድ የቤዝ ድምፅ ላይ ተገናኙ፤ ይህ ለእኔ በአልበሙ ውስጥ ካሉት ነገሮች ሁሉ የሚልቀው ነው።

---

መልስ፦ ከ«የድሮ መዝሙር አፍቃሪ»

ከላይ የተሰጠውን ታሪካዊ ማብራሪያ አከብራለሁ፤ መደምደሚያው ላይ ግን ልዩነት አለኝ። ይህ ቡድን በመንፈሳዊ መዝሙር ዘመኑ የግራሚ ሽልማቶችን ያገኘ፣ በድምፅ አወራረዱ ድፍረት የሚታወቅ ቡድን ነበር። ረጅም ፀጉር ያሳደጉት፣ ከበሮ ወደ መዝሙር መድረክ ያወጡትና በዚህም ከወግ አጥባቂዎቹ ወቀሳ የደረሰባቸው በዚያ ዘመን ነው። ወደ ካንትሪ ሲሻገሩ ደግሞ አንዱ ወገን «ከዱን» አላቸው፤ ሌላው ወገን ገና አልተቀበላቸውም። በ1970ዎቹ አጋማሽ የደረሰባቸው የገንዘብ ችግር ቀላል አልነበረም። ዝነኛው የካንትሪ ድምፃዊ ጆኒ ካሽ ከእርሱ ጋር መድረክ ላይ እንዲሠሩ እያደረገና በገንዘብም እየረዳ ባይደግፋቸው ኖሮ ቡድኑ ሳይበተን ይቆይ ነበር ብሎ ለማለት ያስቸግራል።

ከዚህ መከራ በኋላ በ1977 አዘጋጁ ሮን ቻንሲ በመራው አልበም በካንትሪ ሬዲዮ ተቀባይነት አገኙ፤ ያ ተቀባይነት ግን የራሱ ዋጋ ነበረው። ሬዲዮ የሚፈልገው በሦስት ደቂቃ ገደማ የሚያልቅ፣ መሪ ድምፁ ጎልቶ የሚሰማ፣ ኅብረ ድምፁ ለአዝማቹ ብቻ የሚቆይ ዘፈን ነው። በ«ፋንሲ ፍሪ» ውስጥ ይህን ቅርጽ ደጋግሜ እሰማዋለሁ። በመዝሙሩ ዘመን አራቱም ከመጀመሪያው ስንኝ ጀምሮ አብረው ይዘምሩ፣ በመካከልም አንዱ ከሌላው እየተቀበለ ዜማውን ያዞረው ነበር። እዚህ ግን ሦስቱ ሰዎች የአንጓውን ጊዜ በዝምታ ወይም በለሆሳስ ያሳልፉታል። ስለዚህ ጠያቂያችን ባሪቶኑን አለመስማታቸው ከጆሮአቸው ጉድለት የመጣ ሳይሆን የአልበሙ አሠራር ያስከተለው ነው።

«ኤልቫይራ» ታላቅ ዘፈን ነው፤ በዚህ አልከራከርም። እርሱ ስለጋረዳቸው ዘፈኖች ሲጠይቁኝ ግን አልበሙ ወጥ አይደለም ብዬ በግልጽ እመልሳለሁ። በለስላሳ የፍቅር ዘፈኖቹ ላይ የሰፈረው የገመድ መሣሪያዎች (የቫዮሊን ዓይነቶች) ድምፅ የዚያን ዘመን የናሽቪል፣ የካንትሪ ሙዚቃ ማዕከል የሆነችው ከተማ፣ ልማድ ነው፤ ድምፃውያኑ በራሳቸው ሊሞሉት የሚችሉትን ቦታ አስቀድሞ ይይዝባቸዋል። አራት እንዲህ ያሉ ድምፆች ያሉት ቡድን ከኋላው ሌላ የሚያለሰልስ መጋረጃ አያስፈልገውም።

---

መልስ፦ ከ«የስቱዲዮ ሰው»

የሁለቱን ተሳታፊዎች ክርክር ለጊዜው ትቼ ባሪቶኑን እንዴት እንደሚሰሙት ልናገር፤ ይህ በሥልጠና የሚገኝ ነገር ነውና።

በዚህ ዓይነት ኳርቴት ዋናውን ዜማ የሚይዘው መሪው ነው። ቴነሩ ከመሪው በላይ ይሄዳል፤ ቤዙ የስምምነቱን መሠረት ከታች ይይዛል፤ ባሪቶኑ ደግሞ ሦስቱ ሳይነኩት የቀረውን ኖታ ይወስዳል። በዚህ ምክንያት የባሪቶኑ መስመር ብቻውን ሲዘመር ዜማ አይመስልም፤ በአንድ ኖታ ላይ ለረጅም ጊዜ ይቆይና በድንገት ባልተጠበቀ ቦታ ይዘላል። ጆሮአችን በተፈጥሮው ከላይ ያለውንና ከታች ያለውን ጠርዝ ቶሎ ይይዛል፤ መካከሉን ግን እንደ አንድ አካል አድርጎ ያልፈዋል። በተጨማሪም የተዋጣለት ኳርቴት አናባቢዎቹን በአንድ ዓይነት የአፍ ቅርጽ ስለሚያወጣ፣ ቃሉን በአንድ ቅጽበት ስለሚጀምርና ስለሚዘጋ፣ የድምፁንም መርገብገብ ስለሚያመጣጥን፣ ድምፆቹ እንዳይለዩ ሆነው ይዋሐዳሉ። እርስዎ ለይተው መስማት የተቸገሩት እነርሱ ሥራቸውን በሚገባ ስለሠሩ ነው።

አንድን አዝማች ይምረጡና ደጋግመው ያጫውቱት። በመጀመሪያ ቤዙን ብቻ ይከተሉ፤ ከእርሱ ጋር በለሆሳስ ቢያንጎራጉሩ የተሻለ ነው። ቀጥለው ቴነሩን እስኪያውቁት ድረስ ይከተሉ። ሁለቱን ጠርዞች ካወቁ በኋላ መሪውን አብረው ይዝፈኑ፤ በዚህ ጊዜ እርስዎ በሚዘፍኑት ዜማና በቤዙ መካከል የሚሰማው ቀሪ ድምፅ ባሪቶኑ ነው። ይህን በስልክ ትንሽ ድምፅ ማጉያ መሞከር አይመከርም። የጥልቅ ቤዝ ድምፅ መሠረታዊ ሞገድ ከ100 ኸርትዝ በታች ይወርዳል፤ ትንንሽ ማጉያዎች ያንን ማውጣት ስለማይችሉ አእምሮአችን ከላይኛዎቹ ተደራራቢ ሞገዶች ተነሥቶ በግምት ይሞላዋል። በደህና የጆሮ ማዳመጫ ሲሰማ የስተርባን ድምፅ ፍጹም የተለየ ክብደት አለው፤ መካከለኛው ድምፅም በዚያው ልክ ቦታው ይታወቃል።

የውሕደታቸውን ጥራት ከመሪ ድምፅ ነፃ ሆኖ መስማት ለሚፈልግ ደግሞ በ1977 ለድምፃዊው ፖል ሳይመን ዘፈን «ስሊፕ ስላይዲን አዌይ» ከኋላ ሆነው የዘፈኑትን እጠቁማለሁ። እዚያ ዜማውን የያዘው ሳይመን ስለሆነ አራቱ ሰዎች ድጋፍ ብቻ ይሰጣሉ፤ ከዚያ ተነሥቶ ወደ «ፋንሲ ፍሪ» የሚመለስ ሰው ጆሮው ሌላ ሆኖ ይመለሳል።

---

ተጨማሪ ጥያቄ፦ ከ«ዜማ አድማጭ»

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የመጨረሻውን ምክር ተከትዬ በአልበሙ መጠሪያ ዘፈን አዝማች ላይ ሞከርኩት፤ መካከለኛው ድምፅ ሲንቀሳቀስ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማኝ። ይሁን እንጂ አንድ ነገር አሁንም ያሳስበኛል። እነዚህ ሰዎች የአልበሙን ገናና ዘፈኖች አልጻፉም፤ የሙዚቃ መሣሪያዎቹንም የሚጫወቱት ሌሎች ናቸው። እንዲህ ከሆነ አልበሙ በእርግጥ የእነርሱ ነው ለማለት የሚያስችለን ምንድን ነው?

---

መልስ፦ ከ«የኳርቴት ወዳጅ»

ይህ ጥያቄ በ1981 ራሱ በተግባር የተነሣ ጥያቄ ነው። በዚያ ዓመት የካንትሪ ሙዚቃ ማኅበር «ኤልቫይራ»ን የዓመቱ ምርጥ ነጠላ ዜማ ብሎ ሲሸልም፣ የዓመቱን ምርጥ ድምፃዊ ቡድን ሽልማት ግን የሰጠው አላባማ ለተባለው ባንድ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩትን ዓመታት ብናይ ሽልማቱን ከ1972 እስከ 1977 በተከታታይ የወሰዱት ስታትለር ብራዘርስ፣ በ1978 ኦክ ሪጅ ቦይስ፣ በ1979ና በ1980 እንደገና ስታትለር ብራዘርስ ነበሩ። ሁለቱም ከመዝሙር የመጡ፣ በአራት ድምፅ የቆሙ ኳርቴቶች ናቸው። አላባማ በአንጻሩ አባላቱ ጊታርና ከበሮ ይዘው ራሳቸው የሚጫወቱ ባንድ ነው። ሽልማቱን በ1982ና በ1983 ደግመው መውሰዳቸው የካንትሪ «ቡድን» ሲባል ሰዎች በዓይነ ኅሊናቸው የሚያዩት ምስል መለወጡን ያመለክታል። «ፋንሲ ፍሪ» የወጣው እንግዲህ የኳርቴቱ ዘመን ከፍታው ላይ በደረሰበትና መውረድ በጀመረበት ወቅት ነው፤ ይህንም ሳስብ ለአልበሙ ያለኝ ፍቅር ይጨምራል።

ዘፈኖቹን አለመጻፋቸውን በተመለከተ ደግሞ «ኤልቫይራ»ን መመርመር ይበቃል። ደራሲው ዳላስ ፍሬዠር በምሥራቅ ናሽቪል ካለ ጎዳና ስም ተነሥቶ የጻፈውን ይህን ዘፈን ራሱ በ1966 ቀርጾታል። በ1978 ደግሞ ድምፃዊው ሮድኒ ክራውል በራሱ መንገድ ተጫውቶታል፤ ሌሎችም ነክተውታል። ስለዚህ ግጥሙና ዜማው ለ15 ዓመታት በሁሉም እጅ ነበረ። ከእነዚህ ቅጂዎች አንዱም የኦክ ሪጅ ቦይስ ቅጂ የደረሰበት አልደረሰም፤ የእነርሱ በካንትሪ ሰንጠረዥ አንደኛ፣ በአጠቃላዩ የቢልቦርድ ሰንጠረዥ ደግሞ አምስተኛ ደረጃ ላይ ወጣ፤ ነጠላ ዜማው ከ1 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ፤ ግራሚም አገኘ። ልዩነቱን ያመጣው የሥራ ክፍፍሉ ነው። አንጓውን ለቀልጣፋው ቴነር ሰጡት፤ እነዚያን ክፍለ ቃላት ደግሞ ድምፁን ከጥልቅ የሚያወጣ፣ ለዚህም በመዝሙር መድረክ ለዓመታት የሠለጠነ ሰው ያዛቸው። አንድ ብቸኛ ድምፃዊ ይህን ሊያደርገው አይችልም፤ በአንድ ጊዜ ከላይም ከታችም መሆን አይቻለውምና። የአልበሙ ባለቤትነት ጥያቄ በእኔ በኩል እዚህ ላይ መልስ ያገኛል።

የመጠሪያው ዘፈንም በሌላ አቅጣጫ ያንኑ ያሳያል። የሚወዳትን፣ ነገር ግን ከእርሱ ጋር ደስተኛ ያልሆነችን ሴት በፈቃዱ የሚያሰናብት ሰው ዘፈን ነው፤ የሚመራውም ዱዌን አለን ነው። አለን ቃላቱን ሳያጋንን፣ ሐዘኑንም ሳያስጮኽ ይዘፍነዋል፤ ሦስቱ ጓደኞቹ አዝማቹ ላይ ሲገቡ ውሳኔውን ብቻውን እንዳልወሰነው ያህል ይሰማል። ይህ ዘፈን በዚያው ዓመት በካንትሪ ሰንጠረዥ አንደኛ መውጣቱን ላስታውስ፤ ስለዚህ አልበሙን የተሸከመው «ኤልቫይራ» ብቻ ነው የሚለው አባባል አያስኬድም። ከላይ የተቃወሙኝ ወዳጄ ስለ ገመድ መሣሪያዎቹ የተናገሩትን ግን እቀበላለሁ፤ በአንዳንድ ዘፈኖች ላይ በርግጥም በዝተዋል።

በመጨረሻም ስለ ባሪቶኑ አንድ ተጨማሪ መንገድ ልጠቁም። ዊልያም ሊ ጎልደን በ1987 ከቡድኑ ወጥቶ እስከ 1995 መጨረሻ ድረስ አልተመለሰም፤ በእነዚያ ዓመታት ቦታውን የያዘው ስቲቭ ሳንደርስ ነው። ሌሎቹ ሦስቱ እነዚያው ናቸው። በዚያ ጊዜ ከተቀረጹት አንዱን ከ«ፋንሲ ፍሪ» ጎን ለጎን አድርገው ቢያዳምጡ፣ ከአራቱ አንድ ድምፅ ብቻ ሲለወጥ ጠቅላላው ኅብር ምን ያህል እንደሚለወጥ ይሰማሉ፤ ጎልደን በ1981 ምን ይሠራ እንደነበረም ከማንኛውም ማብራሪያ በተሻለ ይገለጥልዎታል። ያገኙትን ልዩነት እዚሁ ቢጽፉልን ውይይቱን በዘፈኖቹ ላይ አንድ በአንድ ለመቀጠል ዝግጁ ነኝ።